ከቴሌቪዥን ተከታታይ የወጡ የሳይንስ ልቦለዶች፦ 26 መልስ ያስቆጠረው ክር

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና የተከተሉት መልሶች፣ የተከፈተው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ባሕር ዳር ያሉ አንባቢዎች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። ከፋቹ ጥያቄ አስመስሎ ያቀረበው ነገር ውስጡ ክስ ነበር። ከሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ተነሥተው ከተጻፉ መጻሕፍት የምትወዱትን ጥቀሱ ካለ በኋላ የራሱን ደንብ አስቀመጠ። በቴሌቪዥን የታየውን ክፍል መልሶ በጽሑፍ የሚተርክ መጽሐፍ አይቆጠርም፤ ግልባጭ ነውና። ቦታ የሚገባው ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ተውሶ የራሱን ታሪክ የፈጠረበት ሥራ ነው። የእሱ ምርጫ በ1984 የታተመው የጆን ኤም. ፎርድ «ዘ ፋይናል ሪፍሌክሽን» መሆኑንና ስታር ትሬክ ከተባለው የአሜሪካ የጠፈር ድራማ ከወጡ ልቦለዶች የሚስተካከለው እንደሌለ አፉን ሞልቶ ተናገረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ፣ ቁጥር 1፣ ከፋቹን ጋሼ እያለ በትሕትና ጀመረ። ምርጫውን ደገፈና ምክንያቱን አከለበት። መጽሐፉ ዓለሙን የሚያየው ከጠላት ወገን፣ ክሊንጎን ከተባሉት የሌላ ዓለም ጦረኞች በኩል ነው። የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ካፒቴን ከርክ በመግቢያውና በመውጫው ብቅ ከማለት ያለፈ ሥራ የለውም። ፎርድ ለክሊንጎኖቹ ክሊን ዣ የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ ፈጥሮላቸዋል፤ ፖለቲካቸውንም ጦርነታቸውንም የሚያስቡት በዚያ ጨዋታ ቋንቋ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። የክሊንጎን ቋንቋ የሚባለውን ማርክ ኦክራንድ ያዘጋጀው በዚያው 1984 ለወጣው ሦስተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ነው፤ መዝገበ ቃላቱ የወጣው ደግሞ በ1985። ስለዚህ በመዝገበ ቃላቱ የፎርድን ቃላት ለመፍታት የሚሞክር ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ሁለቱ የተለያየ ምንጭ አላቸው።

ቁጥር 2 ግን ደንቡን ራሱን ነቀፈ። ግልባጭ ተብሎ የተጣለው ዓይነት መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ዶክተር ሁ የተባለው የብሪታንያ ተከታታይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪክ ግማሹ በጠፋ ነበር አለ። ቢቢሲ የ1960ዎቹን ክፍሎች ቴፕ ለሌላ ቀረጻ ሲል ስለደመሰሰ፣ ዛሬም ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው የለም። ታርጌት የተባለው አሳታሚ ከ1973 ጀምሮ ታሪኮቹን በትንንሽ መጻሕፍት ማውጣት ሲጀምር፣ ልጆች ያለፈውን ክፍል እንደገና የሚያገኙበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ቴራንስ ዲክስ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል፤ ብዙዎቹ 128 ገጽ ገደማ ናቸው፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃሉ።

ቁጥር 3 ይህን አረመ፣ ግን በደግነት። የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው አልጠፋም፤ ተመልካቾች ከቴሌቪዥናቸው ፊት ቴፕ መቅረጫ አስቀምጠው ስለቀዱት ሁሉም ተርፏል። መጽሐፉ የተላለፈውን ነገር እንዳለ ያስቀምጣል ብሎ ማመንም ያሳስታል። ዴቪድ ዊታከር በ1964 የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፍ በአንደኛ ሰው ነው የሚተረከው፤ ተራኪውም በቴሌቪዥኑ መምህር የሆነው ኢያን ነው። በቴሌቪዥን ከዋናው ገጸ ባሕርይ፣ በጊዜ ውስጥ ከሚጓዘው ዶክተር ጋር የሚገናኙት በአሮጌ ዕቃ መጣያ ግቢ ሲሆን በመጽሐፉ ግን በጉም በተሸፈነ ሜዳ፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ነው። እንግዲህ ደራሲው ፈጥሯል፤ ግልባጭ የሚለው ስድብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቁጥር 4 የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ረጅምም ነው። ስለ ጄምስ ብሊሽ ነበር። ብሊሽ የስታር ትሬክን ክፍሎች ለባንታም አሳታሚ ወደ አጫጭር ልቦለድ መቀየር የጀመረው በ1967 ነው። የሠራው የተላለፈውን ክፍል አይቶ ሳይሆን ከተላከለት ስክሪፕት ነው፤ ስክሪፕቱም አንዳንዴ ገና ያልታረመ ረቂቅ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ካሉት 7 ታሪኮች ሁለቱ በቴሌቪዥን ከወጡበት ርዕስ ሌላ ርዕስ አላቸው። ንግግሩ ይለያል፤ አንዳንድ ቦታ አጨራረሱም አይገጥምም። ስለዚህ ክፍሉን አይቶ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ብሊሽ ተሳሳተ ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ተዋናዮቹ ሳይነኩት የነበረውን ጽሑፍ እያነበበ መሆኑን ያስብ። ሥራው እስከ 1977 ቆይቶ በ12 ቅጽ ተፈጸመ። ብሊሽ በ1975 ስላረፈ የመጨረሻውን የጨረሰችው ባለቤቱ ጄ. ኤ. ሎረንስ ናት። የመጀመሪያውን ለአዋቂዎች የተጻፈ፣ ከክፍሎቹ ያልተወሰደ የስታር ትሬክ ልቦለድ በ1970 ያወጣውም ያው ብሊሽ ነው። ከፋቹ የሚንቀውም የሚያከብረውም ዓይነት መጽሐፍ ከአንድ እጅ ወጣ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ከፋቹ የሚመልሰውን ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ዝም አለ።

ቁጥር 5 ከዚያው ቀጥሎ የአለን ዲን ፎስተርን «ሎግ» መጻሕፍት አነሣ። ከስታር ትሬክ የአኒሜሽን ተከታታይ 22 ክፍሎች ተነሥቶ ከ1974 እስከ 1978 በ10 ቅጽ የጻፋቸው ናቸው። ስሌቱን ልብ በሉ አለ። ከ1 እስከ 6 ያሉት ቅጾች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ክፍል ይዘዋል፤ 18። የቀሩትን አራት ክፍሎች ደግሞ ለአራት ቅጽ አከፋፈላቸው፤ ከ7 እስከ 10 ያሉት አንድ አንድ ክፍል ብቻ አላቸው። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ አኒሜሽን ሙሉ መጽሐፍ አይሞላምና ፎስተር ቀሪውን ከራሱ ፈጠረ። ስለዚህ ሎግ 7 በአብዛኛው ማንም በቴሌቪዥን ያላየው ታሪክ ነው። መግዛት የፈለገ ከመጨረሻዎቹ አራት ይጀምር።

ነገሩ ከመንገዱ መውጣት የጀመረው ቁጥር 6 ላይ ነው። ጸሐፊው ለእነዚህ መጻሕፍት የአማርኛ ስም እንፈልግ ብሎ «አዋልድ» የሚለውን አቀረበ። ከተከታታዩ የተወለዱ፣ ከዋናው መዝገብ ውጭ የሆኑ፣ ግን የሚነበቡና የሚወደዱ። እኔ ቃሉን በጣም ወደድኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠብ ግን ያመጣው እሱ ነው። ምሳሌ አበጃለሁ ብሎ መጽሐፈ ሄኖክን ከአዋልድ ቆጠረ። ቁጥር 7 እሳት ሆኖ መጣ። ሄኖክም ኩፋሌም ከሰማንያ አሐዱ ውስጥ ናቸው፤ አዋልድ የሚባሉት ገድላትና ድርሳናት፣ ተአምራትም ናቸው፤ ይህን ሳያውቅ ምሳሌ የሚያነሣ ሰው አፉን ቢዘጋ ይሻለዋል ዓይነት ነገር ጻፈ። እስከዚያ አንቱና እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ወደ አንተ ወረዱ። ቁጥር 8 እርማቱ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን አይደለም አለና ተከታታዩ የሚቀበለውን ታሪክ «ቀኖና» ብለን እንጥራው ሲል ሐሳብ ጨመረ። ቀኖና አማርኛ ላይ ንስሐ አባት የሚሰጡትም ስለሆነ ሌላ ሳቅና ሌላ ቁጣ አስከተለ። ቁጥር 9 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፦ ስለ ሃይማኖት መጻሕፍት የሚከራከር ሌላ ክር ይክፈት፣ አዋልድ የሚለውን ግን መጠቀም ይቻላል። እኔም እጠቀምበታለሁ።

ቁጥር 10 ክሩን ወደ ነገሩ መለሰ። አዋልዱ ዋናውን የለወጡበት ጊዜ አለ አለ። የስታር ትሬክ መርከብ ነጂ ሱሉ በተከታታዩ የመጀመሪያ ስም አልነበረውም። ሂካሩ የሚለውን ያወጣችለት ቮንዳ ማክንታየር በ1981 «ዘ ኤንትሮፒ ኢፌክት» በተባለው ልቦለድ ነው፤ በ1991 ስድስተኛው ፊልም ላይ ስሙ ከስክሪን ተሰማ። የዚያው መርከብ መኮንን የኡሁራ የመጀመሪያ ስም ኒዮታም እንዲሁ ከልቦለድ መጣ ብሎ ጨመረ። ቁጥር 11 ሁለተኛውን አረመ፦ ኒዮታ የመጣው ዊልያም ሮትስለር በ1982 ካዘጋጀው የገጸ ባሕርያት ታሪክ መጽሐፍ እንጂ ከልቦለድ አይደለም፤ ፊልም ላይ የጸደቀው ደግሞ በ2009 ነው። ኒዮታ በስዋሂሊ ኮከብ ማለት ነው፤ ኡሁራም ነፃነት ከሚለው ኡሁሩ የወጣ ነው። ኮከብ ነፃነት የምትባል መኮንን ለእኛ ሰፈር እንግዳ አትሆንም ብሎ አሳቀ።

ቁጥር 12 የሚቀጥለውን ትልቅ ጉዳይ ከፈተ፦ ቅደም ተከተል። የአንድሩ ሮቢንሰን «ኤ ስቲች ኢን ታይም» በ2000 የወጣ ነው። ሮቢንሰን ዲፕ ስፔስ ናይን በተባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ልብስ ሰፊውን ጋራክን የተጫወተው ተዋናይ ራሱ ነው፤ መጽሐፉም ጋራክ ለሐኪሙ ባሺር የሚጽፈው ረጅም ደብዳቤ ሆኖ ተደርሷል። ጋራክ ሰባት ሲዝን ሙሉ እውነት ያልተናገረ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ እንደሱ የሚጥም የለም። ምክሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ 7ቱን ሲዝን፣ 176ቱን ክፍል ጨርሱ፤ ከዚያ ይህን አንብቡ፤ ቀጥሎ በ2001 በሁለት መጽሐፍ የወጣውን የኤስ. ዲ. ፔሪን «አቫታር»። ከዚያ በኋላ ነው ወደ 2008ቱ የዴቪድ ማክ «ዴስቲኒ» ሦስት መጻሕፍት የሚኬደው።

ቁጥር 13 ዴስቲኒን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው የት እንደሚጠፋ በዝርዝር ነገረን። ታሪኩ አራት መርከብ ይከተላል፦ ኤንተርፕራይዝ፣ ታይታን፣ አቬንታይንና ኮሎምቢያ። የመጨረሻዋ የሌሎቹ ዘመን መርከብ አይደለችም፤ ሁለት ምዕተ ዓመት ትቀድማለች፤ ምዕራፎቹም በመካከላቸው ይዘላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ሠርቶ የካፒቴኖቹን ስም መጻፍ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ 100 ገጽ በኋላ ወረቀቱ አያስፈልግም።

ቁጥር 14 ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ አፈረሰው። በ2020 «ፒካርድ» የተባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ሲጀምር፣ መጻሕፍቱ ለ20 ዓመት የገነቡትን ሁሉ እንዳልነበረ አድርጎ አልፎታል፤ ታዲያ የተሰረዘ ታሪክ ለምን እናነባለን? አነጋገሩ ሻካራ ነው። ጥያቄው ግን ውኃ ያነሣል።

ቁጥር 15 የመለሰለት በተረጋጋ ቋንቋ ነው። ደራሲዎቹ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ፈቃዱ የባለ መብቱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በመጽሐፉ አይታሰርም፣ መጽሐፉ ግን በቴሌቪዥኑ ይታሰራል። ዝም ብለው ከማቆም ይልቅ በ2021 «ኮዳ» የተባሉ ሦስት መጻሕፍት አወጡና የራሳቸውን የጊዜ መስመር በታሪኩ ውስጥ ዘጉት። ዴይተን ዋርድ የመጀመሪያውን፣ ጄምስ ስዋሎው ሁለተኛውን፣ ዴቪድ ማክ ሦስተኛውን ጻፉ። ወዳጅ ገጸ ባሕርያት በብዛት ስለሚሞቱበት መግቢያ አይሆንም፤ ዴስቲኒን ያላነበበ ሰው ለቅሶ ቤት ሟቹን ሳያውቅ የገባ ያህል ነው። በእኔ ግምት የክሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ፎርድን በ1984 የወደዱ ሰዎች፣ ከ1987 በኋላ ቴሌቪዥኑ ክሊንጎኖቹን በሌላ መልክ ሲያመጣቸው መጽሐፉን አልጣሉትም። ከፋቹ ያወደሰው መጽሐፍ ራሱ ከተሰረዙት አንዱ ነው፤ ይህን ግን ማንም አላነሣበትም።

ቁጥር 16 አጭር ነው፣ ግን ጥይት ነው። ዶክተር ሁ በ1989 ከስርጭት ሲወርድ ቨርጂን የተባለው አሳታሚ ከ1991 እስከ 1997 ታሪኩን በ61 ልቦለድ ቀጠለ። ከእነሱ አንዱ የፖል ኮርኔል «ሂውማን ኔቸር» በ1995 ወጣ፤ ዶክተሩ ሰው ሆኖ፣ ማንነቱን ረስቶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ አስተማሪ ሆኖ ይኖራል። ተከታታዩ ከተመለሰ በኋላ ኮርኔል ራሱ በ2007 ለቴሌቪዥን ሁለት ክፍል አድርጎ ጻፈው፤ ዶክተሩን የሚጫወተው ተዋናይ በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ በመጽሐፉ ሰባተኛው ዶክተር የነበረው በአሥረኛው ተተካ። አዋልድ ወደ ቀኖና ገባ ማለት ነው፤ አስተዳዳሪው ይቅር ይበለኝ።

ቁጥር 17 ባቢሎን 5 የተባለውን ሌላ የጠፈር ተከታታይ አነሣ፤ እሱ ላይ የመጻሕፍቱ ጥራት ወጣ ገባ ነው። ዴል የተባለው አሳታሚ ካወጣቸው 9 ልቦለዶች የጂን ካቬሎስን 7ኛውንና የካትሪን ድሬናንን 9ኛውን ያዙ፣ ሌላውን ብትተዉት አይቆጭም አለ። 9ኛው የጠፈር ጣቢያው አዛዥ ሲንክሌር ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ወዴት ሄደ ለሚለው መልስ ነው። ከዚያ ሳይ ኮር ስለተባለው የአእምሮ አንባቢዎች ድርጅት ግሪጎሪ ኪይስ የጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት፣ ከ1998 እስከ 1999። ማንም አልተቃወመውም፤ ምናልባት ሌላ ያነበበ ስላልነበረ።

ከ18 በኋላ ወሬው ወደ ወረቀቱ ዞረ። ቁጥር 18 አሮጌ ቅጂ ሲገዛ ምን እንደሚታይ ጻፈ። የቅጂ መብቱ ገጽ ላይ ከ10 ወደ 1 የሚወርድ የቁጥር ረድፍ ካለ፣ ትንሹ ቁጥር ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ይናገራል፤ 1 ካለ የመጀመሪያው ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አትግዙ፤ ሳይሸጥ ቀረ ተብሎ ሽፋኑ ብቻ ለአሳታሚው የተመለሰና ገላው መጣል የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው ምንም አላገኘበትም። ጀርባውን ሳይሆን መካከሉን ገልጣችሁ እዩ፤ ማጣበቂያው ከደረቀ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ቁጥር 19 ዛሬ የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። የተሳሳተ ክር ላይ ነው መሰለኝ፤ ሁለት ሰው ግን ቁም ነገር አድርጎ መለሰለት፣ በቁጥር ስላልያዝኩት ዝለሉት።

ቁጥር 20 በጣና ዳር መጽሐፍ ማስቀመጥን የሚመለከት ነው፤ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው። የኪስ መጽሐፍ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የተሠራ፣ አሲድ ያለበት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበዛው እርጥበት ሲጨመርበት ይቢጫል፣ ይሻግታል። መደርደሪያው ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ የታችኛው እርከን ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መጻሕፍቱን አታጨናንቁ፤ ጣት የማያስገባ ረድፍ አየር አያስገባም። እርጥብ መጽሐፍ በፌስታል መጠቅለል ሻጋታን መቀለብ ነው። የሻገተውን ከሌሎቹ ለይቶ፣ በጥላ፣ ነፋስ ባለበት፣ ገጹን ገልጦ ማቆም፤ ሻጋታው ዱቄት እስኪሆን ድረስ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ፤ ከዚያ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ መጥረግ። በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ ነጥቡ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ደግሞ ሽፋኑ ይጣመማል።

ቁጥር 21 የክብራንና የዳጋ እስጢፋኖስ መጻሕፍት በዚሁ ሐይቅ መካከል ለዘመናት መቆየታቸውን አነሣና ማኅደር ሰፍቶ ማንጠልጠል ይሻላል አለ። ቁጥር 22 ሳቅ እንዳዘለ አረመው። ብራና ቆዳ ነው፤ በክር የተሰፋ፣ በእንጨት ገበታ የተደፈነ። የኪስ መጽሐፉ ግን ወረቀት በሙቅ ሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ማኅደር ውስጥ ቢንጠለጠል ጀርባው በራሱ ክብደት ይለቃል። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄልም ክፍት መደርደሪያ ላይ ምንም አይሠራም፤ ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ፣ መጻሕፍቱ ከደረቁ በኋላ ብቻ ነው።

ቁጥር 23 ስንጥቁን አያያዝ ጨመረ። ነጭ የእንጨት ኮላ፣ በስቴኪኒ ጫፍ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት በተገነጠለው ገጽ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይቀባል፤ ገጹ ከሌሎቹ እኩል እንዲሆን ከላይ መታ መታ ይደረጋል፤ በሁለቱም በኩል ስስ ፕላስቲክ ገብቶ፣ ክብደት ተጭኖበት 24 ሰዓት ይቆያል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ስለሚሰበር ከአጠገቡ ያለውን ገጽ ይዞ ይሄዳል። ስኮችም ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ሙጫው ወደ ፊደሉ ይሰርጋል።

ቁጥር 24 ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ፋይሉን ልላክላችሁ አለ። አስተዳዳሪው በቁጥር 25 ሐሳቡን ሰረዘና ሕጋዊውን መንገድ ብቻ ተወ፦ የኤሌክትሮኒክ ቅጂው ከመገዛቱ በፊት ነፃው ናሙና ይውረድ፤ ከአሮጌ ኅትመት በማሽን የተለቀሙት አንዳንዶቹ የፊደል ስሕተት ይበዛባቸዋል፤ የስሕተቱ ብዛት ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይታወቃል። በመሐሉ ስታርሺፕ በአማርኛ የጠፈር መርከብ ይባል ወይስ መንኮራኩር የሚል ነገርም አንሥቶ ነበር። መንኮራኩር የሚለው ግእዝ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ነው፣ በሕዝቅኤል እንዳለው፤ ሠራተኛ፣ ማዕድ ቤትና ካፒቴን ላለው ነገር መርከብ ይሻላል አለ። ተስማምቻለሁ፤ ታንኳን መንኮራኩር የሚል የለም።

26ኛው መልስ የከፋቹ ነው። ስለ ፎርድ ያለውን አልለወጠም፤ ስለ ግልባጭም ያለውን አላነሣም፤ ቁጥር 4ን አላመሰገነም። ሎግ 7 ያለው ሰው ካለ፣ ሽፋኑ ቢጎሳቆልም ጀርባው ካልተሰነጠቀ እንዲያስታውቀው ብቻ ጠየቀ።